አጣጥ፦ ከኢትዮጵያ ቁጥቋጦ እስከ ጡት ካንሰር መድኃኒት

«እገሌ የሚባለው ተክል የካንሰር ሴል ገደለ» የሚል ዜና በየጊዜው ይወጣል። ቴሌግራም ላይ ይዞራል፣ ፌስቡክ ላይ ይጋራል፣ ከዚያ ታማሚ ያለበት ቤት ይደርሳል። አንዱ ቅጠሉን ያፈላል፣ ሌላው ሥሩን ይወቅጣል። ዜናው ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። በሆነ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሆነ ተክል በእርግጥ የካንሰር ሴል ገድሏል። የሚቀረው ጥያቄ «ከዚያስ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከራሳችን አገር ቁጥቋጦ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ስሙ አጣጥ ነው። በአፋን ኦሮሞ ኮምቦልቻ ይሉታል። በደጋና በወይና ደጋ፣ በየአጥሩና በየጫካው ዳር የሚበቅል እሾሃም ተክል ነው። ከአንዱ የአጣጥ ዝርያ የተገኘ ኬሚካል ዛሬ በብዙ አገሮች ለጡት ካንሰር በሚሰጥ መድኃኒት ታሪክ ውስጥ አለ። ነገር ግን ከቁጥቋጦው እስከ መርፌው 50 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በመሀል ደግሞ አንዴ ሙሉ በሙሉ ወድቆ ነበር። ያንን ውድቀት ሳይረዱ የተክል ምርምርን ተስፋ መረዳት የሚቻል አይመስለኝም፤ ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት በ1960 ከአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ትልቅ ዘመቻ ጀመረ። የካንሰር ኢንስቲትዩቱን ወገን የመራው ጆናታን ሃርትዌል የሚባል ኬሚስት ነው። በግብርናው በኩል ደግሞ እንደ ሮበርት ፐርዱ ያሉ የዕፅዋት ባለሙያዎች ነበሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከዓለም ዙሪያ ተክል ሰብስብ፣ ከእያንዳንዱ ኤክስትራክት (የተክሉን ንጥር) አውጣ፣ ካንሰር ላይ ሞክር። አብዛኛው ስብስብ ባህላዊ መድኃኒት አዋቂዎችን ጠይቆ የተመረጠ አልነበረም። ያገኙትን ዝርያ ሁሉ ነበር የሚሰበስቡት። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ወደ 114,000 የሚጠጋ ኤክስትራክት ተፈተሸ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እስከ መድኃኒትነት የዘለቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ታክሶል አንዱ ነው። ለሌሎች መድኃኒቶች መነሻ የሆነው ካምፕቶቴሲንም ከዚያው ዘመቻ ነው የወጣው።

ዘመቻው በ1960ዎቹ ኢትዮጵያም ደርሷል። ከተሰበሰቡት ተክሎች አንዱ በዚያን ጊዜ ሜይቴነስ ኦቫተስ፣ ዛሬ ደግሞ ሜይቴነስ ሴራታ የሚባለው የአጣጥ ዝርያ ነበር።

ሳህኑ ላይ የታየው

የመጀመሪያው ፈተና እንዲህ ነው። ተክሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በአልኮል ይነከራል። ከዚያ ተጣርቶ አልኮሉ እንዲተን ይደረጋል። የሚቀረው ወፍራምና የሚያጣብቅ ነገር ኤክስትራክት ይባላል። በውስጡ መቶዎች፣ አንዳንዴም ሺዎች የተለያዩ ኬሚካሎች አሉ። ይህ ነገር በተለያየ መጠን እየተበጠበጠ፣ በሳህን ውስጥ እየተባዙ ያሉ የካንሰር ሴሎች ላይ ይጨመራል። ሴሎቹ ለተወሰኑ ቀናት በ37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ይቆያሉ። በመጨረሻ ስንቱ እንዳደገና ስንቱ እንደቆመ ይለካል። የሴሎቹን እድገት በግማሽ የሚቀንሰው መጠን ዋናው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ባነሰ መጠን ኤክስትራክቱ ኃይለኛ ነው ማለት ነው።

የያኔው ዋና ሴል ኬቢ ይባል ነበር። ከአፍንጫና ጉሮሮ መገናኛ ካንሰር የተገኘ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ቆይቶ ሲመረመር ግን ኬቢ በሌላ ሴል የተበከለ ሆኖ ተገኘ። የበከለው ሂላ ነው፤ ሄንሪዬታ ላክስ ከምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የማህፀን በር ካንሰር በ1951 የተወሰደው ዝነኛ ሴል። ስለዚህ በእነዚያ ዘመናት ወረቀቶች ላይ «የአፍንጫና ጉሮሮ ካንሰርን ገደለ» የሚለውን ስታነቡ፣ በእርግጥ የተፈተነው የማህፀን በር ካንሰር ሴል ነው። ውጤቱ ዋጋ አጣ ማለት አይደለም። የሴል መግደሉ ነገር እንዳለ ነው። ነገር ግን አንድ ኤክስትራክት ሳህን ላይ አንድ ዓይነት ሴል ገደለ ሲባል፣ ሴሉ ራሱ ምን እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዛሬ ለዚህ የሴሉን ዘረመል መለየት ቀላል ሥራ ሆኗል፤ ያልተደረገበት ጥናት ግን አሁንም ብዙ ነው።

የአጣጡ ኤክስትራክት ኬቢን ገደለ። ቀጥሎ አይጦች ላይ ተሞከረ። የአይጥ የደም ካንሰር፣ የሳንባ ካንሰር፣ የሥጋ ዕጢ፣ በአጠቃላይ አምስት መደበኛ የእንስሳት ፈተናዎች ላይ ጥሩ ውጤት አሳየ። በደም ካንሰሩ ፈተና መስፈርቱ፣ መድኃኒቱን ያገኙት አይጦች ካላገኙት ቢያንስ በ25 በመቶ ረዘም ያለ ዕድሜ እንዲኖሩ ነው። በአምስቱም ላይ መሥራት እንግዳ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል፤ የብዙ ሰው ድካም የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ። ከአምስቱ ፈተናዎች አንዱ ዎከር 256 የሚባል የአይጥ ዕጢ ነበር። ብዙ ተክል ይህን ዕጢ ያሸንፍ ነበር። ኬሚስቶቹ ለዓመታት ተከታትለው ሲደርሱበት ግን ሥራውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ታኒን ሆኖ ተገኘ። ታኒን ሻይን የሚያኮማትረው፣ ቆዳ የሚያለፋው ነገር ነው። ካገኘው ፕሮቲን ሁሉ ጋር ይጣበቃል። ሳህን ላይና አንዳንድ ዕጢ ላይ ኃይለኛ ይመስላል፣ ለሰው መድኃኒት ግን አይሆንም። ዎከር 256 በኋላ ከዋናው ፈተና ወጣ። ታኒንን አስቀድሞ ማስወገድም የተለመደ ሥራ ሆነ። ይህ በ1960ዎቹ የታወቀ ነገር ነው። ዛሬም ግን ታኒን የበዛበትን የቅርፊት ኤክስትራክት እንዳለ ሴል ላይ አፍስሰው «ፀረ ካንሰር» የሚሉ ጽሑፎች ሲወጡ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ከአንድ ኪሎ እንጨት የሚወጣው

ኤክስትራክቱ ከአሜሪካ ቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ሞሪስ ካፕቻን እጅ ገባ። ካፕቻን በአንድ ዘዴ የተካነ ሰው ነበር፤ እየከፋፈሉ መፈተሽ። ኤክስትራክቱን በተለያየ ፈሳሽ ይከፍላል። እያንዳንዱን ክፍል መልሶ ሴል ላይ ይሞክራል። የማይገድለውን ይጥላል፣ የሚገድለውን ይዞ እንደገና ይከፍላል። እንደገና ይሞክራል። ፈሳሽን ከፈሳሽ ጋር እያናወጡ የሚከፍሉበት አንደኛው አካሄድ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሥራው አድካሚ ነበር፤ የሚፈለገው ነገር ከሞላ ጎደል የለምና። በመጨረሻ የተገኘው ንጹህ ኬሚካል ሜይታንሲን ተባለ። መጠኑ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አንድ ግራም ለማግኘት 5 ቶን ተክል ያስፈልጋል ማለት ነው። የኬሚካሉን ቅርጽ ለማወቅ ከብሮሚን ጋር የተያያዘ ክሪስታል አበጅተው በኤክስሬይ አነበቡት። ውጤቱ በ1972 በአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ታተመ።

ይህን የ0.2 ሚሊ ግራም ቁጥር በደንብ እዩት። የአጣጡ ኤክስትራክት ኃይል ሁሉ የመጣው ከተክሉ ክብደት 0.00002 በመቶ ከሆነ ነገር ነው። በውስጡ በብዛት ያሉት ታኒኖች፣ ፍላቮኖይዶች፣ ስኳሮች ከገዳይነቱ ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም። በአገራችን ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የማየው አንድ ልማድ አለ። ኤክስትራክቱ ይዘጋጃል፣ ጥቂት ጠብታ ሬጀንት ተጨምሮ ቀለሙ ሲቀየር «ፍላቮኖይድ አለው፣ አልካሎይድ አለው፣ ሳፖኒን አለው» ተብሎ ሰንጠረዥ ይሞላል። ከዚያ መደምደሚያው ላይ «ፀረ ካንሰርነቱ ከእነዚህ ውህዶች የመጣ ሊሆን ይችላል» ይባላል። አጣጥን በዚህ መንገድ ብንመረምረው ሜይታንሲንን መቼም አናገኘውም ነበር። በቀለም ሰንጠረዡ ላይ የሚታየው ብዛት ያለው ነው፣ ሥራውን የሠራው ደግሞ ከሞላ ጎደል የማይታየው። ከዚያ ሰንጠረዥ ይልቅ አንድ ጊዜ ከፍሎ አንድ ጊዜ መልሶ መሞከር ይሻላል፤ ቢያንስ ኃይሉ የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ይነግረናል።

ንጹሁ ሜይታንሲን አስደናቂ ነበር። በኬቢ ፈተና ለንጹህ ኬሚካል የተቀመጠው መስፈርት በአንድ ሚሊ ሊትር 4 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች ነው። ሜይታንሲን በ0.0001 እና በ0.00001 ማይክሮግራም መካከል ይሠራል። ከመስፈርቱ ቢያንስ 40,000 ጊዜ ያነሰ መጠን በቂው ነበር። አይጦቹ ላይ ደግሞ በኪሎ በጥቂት ማይክሮግራም ይሠራል። የሚሠራበት መጠን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ከ50 እስከ 100 እጥፍ ሰፊ ነው። ይህ ስፋት ተመራማሪዎቹን ትልቅ ተስፋ ሰጣቸው፤ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ሰፊ ክፍተት ያለ ስለመሰላቸው።

እንዴት ነው የሚገድለው? ሴል ለሁለት ሲከፈል ዘረመሉን ወዲያና ወዲህ የሚጎትቱ ቀጫጭን ቱቦዎች ይሠራል። ማይክሮቱቡል ይባላሉ። እንደ ግንባታ ቦታ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ናቸው፤ ሲያስፈልጉ ይቆማሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ይፈርሳሉ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ እንደገና ይቆማሉ። ሜይታንሲን ቱቦው የሚሠራበት ቱቡሊን የሚባል ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል፤ ቱቦው እንዳይቆም ያደርጋል። ሴሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ይሞታል።

ለሰው ሙከራ ግን ብዙ ኬሚካል ያስፈልግ ነበር። በኬንያ ሺምባ ሂልስ የሚገኝ ሜይቴነስ ቡካናኒ የሚባል ዘመዱ በኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። ከአጣጣችን ይሻላል። ከዚያ ስፍራ ከ27,000 ኪሎ በላይ ተክል ተሰብስቦ ተወሰደ። ለአንድ ኬሚካል ሙከራ ይህን ያህል ቁጥቋጦ! እንዲህ ያለ መድኃኒት ከጫካ እየተቆረጠ ለዓለም ሊዳረስ እንደማይችል ያኔውኑ ግልጽ ነበር።

ሰው ላይ ሲደርስ

ሙከራው በሰው ላይ የተጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ካፕቻን በ1976 ስለሞተ መጨረሻውን አላየም። በሽታቸው ለሌላ መድኃኒት እምቢ ያለ፣ ብዙ ዓይነት ካንሰር ያለባቸው መቶዎች ታማሚዎች ሜይታንሲንን ወሰዱ። ውጤቱ አሳዘነ። ከባድ ማቅለሽለሽና ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ድካም፣ የጉበት መጎዳት፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ መጣ። ዕጢያቸው የቀነሰላቸው በጣም ጥቂት ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሙከራው ቆመ።

ምክንያቱ ሳህኑ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል። ሳህኑ ውስጥ የነበረው የካንሰር ሴል ብቻ ነው። ሰው ውስጥ ግን በየቀኑ የሚታደስ የአንጀት ሽፋን አለ፣ ያለማቋረጥ የሚከፋፈል የደም መሥሪያ መቅኔ አለ። ማይክሮቱቡል በእነዚህም ውስጥ አለ። በነርቭ ውስጥ ደግሞ ሴል ባይከፋፈልም፣ ከአከርካሪ እስከ እግር ጣት ድረስ ዕቃ የሚጓጓዝበት መስመር ማይክሮቱቡል ነው። እግር የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። ሜይታንሲን የካንሰርን ቱቡሊን ከጤነኛው ቱቡሊን አይለይም። ያ ሰፊ መስሎ የታየው ክፍተት የአይጥ እንጂ የሰው አልነበረም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ አጣጥ ከተረሱት 114,000 ኤክስትራክቶች አንዱ ይሆን ነበር። ሁለት ነገሮች አዳኑት።

አንደኛው ከጃፓን መጣ። የታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ1977 አንድ ባክቴሪያ አንሳሚቶሲን የሚባሉ ኬሚካሎችን እንደሚሠራ አሳወቁ። እነዚህ ኬሚካሎች የሜይታንሲን የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ዋናው አጥንታቸው አንድ ነው። ባክቴሪያው ዛሬ አክቲኖሲኔማ ፕሪቲዮሰም ይባላል። ይህ ማለት አንድም ቁጥቋጦ ሳይቆረጥ፣ በትልቅ በርሜል ውስጥ ባክቴሪያ እያራቡ የሚፈለገውን መሠረት ማምረት ይቻላል። የአቅርቦቱ ችግር ተፈታ።

ሁለተኛው የአሜሪካው ኢሚውኖጅን ኩባንያ ሐሳብ ነው። መርዙ በጣም ኃይለኛ ከሆነ፣ ለብቻው በደም ውስጥ እንዲዞር ለምን እንለቀዋለን? ካንሰር ሴል ላይ ብቻ ከሚያርፍ አንቲቦዲ፣ ማለትም ኢላማውን ለይቶ ከሚጣበቅ ፕሮቲን፣ ጋር እንሰረው። በ1992 ከአንቲቦዲ ጋር የሚታሰሩ አዳዲስ የሜይታንሲን ዘመዶችን አሳተሙ። ከእነዚህ አንዱ ዲኤም1 ተባለ። ሲባል ቀላል ነው፣ ሥራው ግን የዓመታት ነበር። ማሰሪያው ደካማ ከሆነ መርዙ ደም ውስጥ እያለ ይፈታል፣ ያኔ የ1970ዎቹ ጉዳት ይመለሳል። ከልክ በላይ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ሴሉ ውስጥ ገብቶም ላይፈታ ይችላል። በመጨረሻ የተመረጠው ማሰሪያ ደም ውስጥ የማይፈታ ነው፤ ሴሉ አንቲቦዲውን ውጦ ሲፈጨው ብቻ መርዙ ይወጣል።

አንቲቦዲው ትራስቱዙማብ ነው። ሄር2 የሚባል ፕሮቲን በሴሉ ላይ የበዛበት የጡት ካንሰር ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ያለው ካንሰር ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ አንቲቦዲ ላይ በአማካይ 3.5 የዲኤም1 ሞለኪውል ይታሰራል። የሁለቱ ጥምረት ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ይባላል፣ የንግድ ስሙ ካድሳይላ ነው።

ኤሚሊያ በተባለው ሙከራ በሽታቸው የተሰራጨ 991 ታማሚዎች ተሳተፉ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ግማሾቹ 30.9 ወርና ከዚያ በላይ ሲኖሩ፣ የዘመኑን መደበኛ ሕክምና ከወሰዱት ግማሾቹ 25.1 ወርና ከዚያ በላይ ኖረዋል። ጉዳቱም በአጠቃላይ ያነሰ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2013 ፈቀደው። ቀጥሎ ካትሪን በተባለው ሙከራ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒት ወስደው ካንሰሩ ጨርሶ ያልጠፋላቸው 1,486 ታማሚዎች ተሳተፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው የቀሩት በትራስቱዙማብ ብቻ 77 በመቶ፣ በዚህኛው 88.3 በመቶ ነበሩ። እኔ ለዚህ ሁለተኛ ቁጥር ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ፤ ገና የመዳን ዕድል ያላቸው ሴቶች ናቸውና። በ2022 ደግሞ የሌላ የሜይታንሲን ዘመድ፣ የዲኤም4፣ ጥምረት ለአንድ ዓይነት የእንቁላል ማፍሪያ ካንሰር ተፈቀደ።

ተክሉ ነው ወይስ ባክቴሪያው?

አንድ ያልተፈታ ነገር ነበር። ጃፓን ውስጥ ያለ ባክቴሪያና የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ እንዴት አንድ ዓይነት ውስብስብ ኬሚካል ይሠራሉ? ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው ጠርጥረው ነበር። በቅርብ ዓመታት በጀርመን ዶርትሙንድ የተሠሩ ጥናቶች፣ የአጣጥ ዘመድ በሆነ ፑተርሊኪያ የሚባል ተክል ሥር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሜይታንሲን ሠሪዎች እንደሆኑ አሳዩ። በራሱ በሜይቴነስ ሴራታ ላይ በ2016 የወጣው ጥናት ደግሞ ተክሉና በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ኬሚካሉን ተጋግዘው እንደሚሠሩት ይናገራል።

ይህ ለእኛ ተመራማሪዎች በጣም ተግባራዊ ነገር ነው። አንድ ዓይነት ዝርያ ሆኖ፣ ከአንዱ ጫካ የተቆረጠው ኃይለኛ፣ ከሌላው የተቆረጠው ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተክሉ ከየት ቀበሌ፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው የአካል ክፍል እንደተወሰደ መጻፍ ለወግ ያህል የሚደረግ አይደለም። ናሙናው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማስቀመጫ) ቁጥር ተሰጥቶት መቀመጥ አለበት። በተለይ አጣጥ፣ በአንድ ስም ብዙ ዝርያ የምንጠራበት ተክል ስለሆነ፣ «አጣጥ መርምሬያለሁ» ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ላሉ ወጣቶች የምለው ሌላም አለኝ። መጠኑን አስሉ። ኤክስትራክታችሁ ሴል የገደለው በሚሊ ሊትር 200 ማይክሮግራም ከሆነ፣ 5 ሊትር ደም ባለው ሰው ውስጥ ያንን ለመድረስ አንድ ሙሉ ግራም ኤክስትራክት፣ ሆድ ውስጥ ሳይፈጭና ጉበት ሳይነካው፣ በአንዴ ደም ውስጥ መግባት አለበት። ይህ አይሆንም። የአሜሪካው መርሐ ግብር ለጥሬ ኤክስትራክት 20 ማይክሮግራምን መስፈርት ያደረገው በከንቱ አይደለም። ከካንሰሩ ሴል ጎን ጤነኛ ሴልም ይሞከር፤ ሁለቱን እኩል የሚገድል ነገር መርዝ ነው። የታወቀ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዶክሶሩቢሲን፣ በዚያው ፕሌት (ባለ ብዙ ጉድጓድ የሙከራ ሳህን) ላይ ይኑር፤ ፈተናው መሥራቱን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ኤክስትራክቱ የተበጠበጠበት ፈሳሽም ብቻውን ይሞከር። ኤምቲቲ በሚባለው የቀለም ፈተና ስትለኩ ደግሞ ሴል የሌለበት ጉድጓድ ላይ ኤክስትራክቱን ብቻ ጨምሩ። ብዙ የተክል ኬሚካል ራሱ ኤምቲቲውን ሐምራዊ ያደርገዋል፣ ያኔ የሞተው ሴል በሕይወት ያለ ይመስላል። እነዚህ ሁሉ ብዙ ብር የሚጠይቁ አይደሉም። ጥቂት ተጨማሪ ጉድጓድና ትንሽ ትዕግሥት ነው የሚፈልጉት።

ስለ ባለቤትነቱም ዝም ማለት አልፈልግም። አጣጡ ከኢትዮጵያ ሲወጣ የሚጠይቅ ሕግ አልነበረም። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የመጣው በ1992 ነው። የእኛ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት (የማግኘትና የመጠቀም ፈቃድ) እና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ2006 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 1998። ኢሚውኖጅንን አቢቪ የተባለው ኩባንያ በ2024 በ10.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዝቶታል። ያ ሁሉ ገንዘብ የአጣጥ ነው ማለት ሐቅ አይሆንም፤ የባክቴሪያው፣ የአንቲቦዲው፣ የማሰሪያው ሥራ ከባድ ነበርና። ግን መነሻው የኛ ጫካ ነው፤ በታሪኩም በጥቅሙም ውስጥ ኢትዮጵያ የለችበትም። ዛሬ አዋጁ አለ። ወደ ውጭ ናሙና የሚልክ ማንኛውም ተመራማሪ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ሳይዝ አንድ ቅጠልም መላክ የለበትም። አንዳንድ ሰው ይህን ቢሮክራሲ ይለዋል። በእኔ እምነት የአጣጥ ታሪክ እንዳይደገም ያለን ዋናው መሣሪያ ነው።

ቤቱ ታማሚ ያለበት ሰው ይህን አንብቦ «ታዲያ አጣጥ ልቀቅል?» ሊል ይችላል። አይሆንም። ከኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፣ ያውም ሊኖር ላይኖር የሚችል ኬሚካል፣ ከተገኘም መጠኑ የማይታወቅ መርዝ ነው። ንጹሁን፣ በሐኪም ክትትል፣ ተለክቶ የወሰዱት ታማሚዎች እንኳ ተጎድተውበታል። የጡት ካንሰር ያለባት እህት ወይም እናት ካለቻችሁ ግን አንድ ጥያቄ ለሐኪሟ አቅርቡ፦ ናሙናዋ ለሄር2 ተመርምሯል ወይ? ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ትራስቱዙማብም ሆነ ከአጣጥ ኬሚካል ቤተሰብ የተሠራው መድኃኒት የሚታሰበው ያኔ ነው። ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ያ መድኃኒት ለእሷ አይሠራም፤ ሐኪሟ ሌላ መንገድ ይመርጣል።